ሙቀት ክፍል ከገባ ልጅ ጋር እንዴት እንላመድ?

የደሴ ብርድ ለአዋቂም ከባድ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው ለተወለደ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። ከቆዳው ስር ያለው ስብ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ሙቀት ክፍል የሚያስገቡት አንዱም ለዚህ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከተንታ ሪፈር ተብላ የመጣች እናት ልጇን ቱቦ ተሰክቶበት ስታየው ትፈራለች። ስትፈራ ትርቃለች። ልጁ የነርሶቹ ይመስላታል። አይደለም፣ የእሷ ነው።

መጀመሪያ ጠይቁ። «ሲስተር፣ መቼ ልቀፈው?» በሉ። በየቀኑ ጠይቁ። ይህ ማስቸገር አይደለም።

ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና አምባር አውልቁ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡ። ሽቶ ይቅር።

ስትነኩት አታሻሹት፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ይረበሻል። አንድ እጅ ጭንቅላቱ ላይ፣ አንድ እጅ እግሩ ላይ አድርጋችሁ ዝም በሉ። ጣቶቹን ከዘረጋ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ስቅ ካለው ደክሞታል ማለት ነው። አሳርፉት። መልኩ ከተለወጠ ግን ቶሎ ነርስ ጥሩ። ሲረጋጋ ዝቅ ባለ ድምፅ እሹሩሩ በሉት። ድምፃችሁን ከማሕፀን ጀምሮ ያውቀዋል።

ዋናው ነገር ግን ካንጋሮ የሚሉት ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥር ሐኪሞች ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አሳቀፏቸው። እኛ ልጅ በጀርባ ማዘል እናውቃለን፤ ይህ በፊት ነው። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ያድርግ። ጡታችሁ መሃል ቀጥ አድርጋችሁ ገላ ለገላ አስተኙት። ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፣ አገጩ ትንሽ ቀና ይበል፤ ትንፋሹ እንዳይታፈን ይህን ደጋግማችሁ እዩ። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ። በነጠላ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ የነጠላው ጫፍ ጆሮው ስር ይድረስ። ከላይ ጋቢ ደርቡ። አንዴ ካቀፋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል። ኦክስጅን ላይ ቢሆንም እንኳ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የሚወስኑት ሐኪሞቹ ናቸው።

አባትም ያቅፍ። እናት ኦፕራሲዮን ሆና ከተኛች የአባት ደረት ያሞቃል። በራፍ ላይ ቆሞ መድኃኒት መግዛት ብቻ ድርሻው አይደለም።

34 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ መጥባትና መዋጥ አንድ ላይ ያቅተዋል። ቢሆንም እንገሩን ጠብታም ብትሆን አልቡለት፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። በቱቦ ሲሰጡት እቀፉት። ቅቤና ስኳር ውሃ አይቅመስ፣ አያቶች ቢቆጡም።

ፍቅሩ ወዲያው ካልመጣስ? አብሽሪ እናቴ። ድንጋጤው ነው። እያቀፍሽው ይመጣል።

ቤት ስትገቡም ካንጋሮውን አታቋርጡ። ክብደቱ ወደ 2.5 ኪሎ ሲጠጋ እጅና እግሩን እየጎተተ ይወራጫል፣ ይነጫነጫል። ያኔ ፍቱት።