በታሪክ ዲግሪ ጎንደር ላይ የቅርስና የሙዚየም ሥራ እንዴት ይገኛል?

ጎንደር ውስጥ የፋሲልን ታሪክ የማይተርክ ሰው የለም፤ የባጃጅ ሹፌሩም ያውቀዋል። ስለዚህ ለቅርስ ሥራ ስትወዳደሩ ታሪክ ማወቃችሁ ብቻውን ከሌላው አይለያችሁም። ቀጣሪ የሚያጣው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፦ አንድ የብራና መጽሐፍ ሲሰጠው ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ጉዳቱን ጽፎ ወደ ቦታው የሚመልስ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት የምናነበው ወረቀት ነው፤ ዕቃ መያዝ የሚያስተምረን ግን እምብዛም የለም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንን ክፍተት መሙላት ላይ ያተኩራል።

1. ሥራው የት እንዳለና ምን ተብሎ እንደሚጠራ እወቁ

«ሙዚየም» የሚል ታፔላ ብቻ እየፈለጋችሁ አትዙሩ። አብዛኛው መደብ ያለው በከተማው፣ በዞኑና በወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በባሕር ዳሩ የክልል ቢሮ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ በብሔራዊ ሙዚየምና በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፋሲል ግቢ በጣም የታወቀው ቢሆንም ጉዛራ፣ ደንቀዝ፣ ጎርጎራና ቁስቋምም የሚመዘግባቸውና የሚከታተላቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ወረዳ ላይ ፉክክሩ ይቀላል። ሁሉም ከተማው ላይ ስለሚያነጣጥር ወረዳ መጀመር የተናቀ ግን ጥሩ በር ነው።

ማስታወቂያ ላይ የምትፈልጓቸው ስሞች «የቅርስ ጥናትና ምዝገባ ባለሙያ»፣ «የቅርስ ጥገናና እንክብካቤ ባለሙያ»፣ «የሙዚየም ባለሙያ» እና የመሳሰሉት ናቸው። «ሪከርድና ማኅደር» የሚለውንም አትለፉት። የታሪክ ተመራቂ ሰነድ አደራደር ሲለምድ ወደ ቤተ መዛግብት መሻገር ይችላል።

2. ማስታወቂያውን እንደ ሕግ አንብቡት

በኩር ጋዜጣን በየሳምንቱ፣ የመሥሪያ ቤቶቹን የማስታወቂያ ሰሌዳ ደግሞ በአካል ተመልከቱ። የምዝገባው ጊዜ አጭር ነው፣ የሚቆጠረውም በሥራ ቀናት ነው፤ አርብ ከሰዓት የተለጠፈን ማስታወቂያ ሰኞ ማየት አንድ ቀን ማጣት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት በንቃት ጠብቁ፤ በጀት ሊዘጋ ሲል ቅጥር ይቀዘቅዛል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር» ብሎ የእናንተ ዲግሪ «ታሪክ» ብቻ ከሆነ መዝጋቢው ሊመልሳችሁ ይችላል። «ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ሐረግ ካለ አሳዩት፤ ከሌለ የወሰዳችኋቸውን የቅርስ፣ የአርኪዮሎጂና የቱሪዝም ኮርሶች የሚዘረዝር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ አስቀድማችሁ አጽፉ። በምዝገባው ቀን ደብዳቤ ፍለጋ መሮጥ አያዋጣም። ቴምፖውን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን)፣ የውጤት ማስረጃውን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ የወጪ መጋራት ማስረጃውንና መታወቂያውን ዋናውንና ኮፒውን ለየብቻ በክላሰር ያዙ።

3. የሃያ ዕቃ መዝገብ ሥሩ

በእኛ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚክሰው ይህ ነው። ሃያ ዕቃ በደንብ መዝግቦ የሚያሳይ አመልካች ከአምስት ሰርተፍኬት ያዥ ይበልጣል።

መጀመሪያ ፈቃድ። ከትምህርት ክፍላችሁ ወይም ከባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ከሆነ በሀገረ ስብከቱ በኩል ይለፍ። ደብሩ ስትደርሱ አለቃውንና ገበዙን «አባታችን፣ ይባርኩን» ብላችሁ ቅረቡ፤ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ መዝገቡ አንድ ቅጂ ለደብሩ እንደሚቀር ቃል ግቡ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ታቦትን የሚመለከት ምንም ነገር አትጠይቁ። ሴቶች በማይገቡበት ቦታ ገበዙ ዕቃውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ እንዲያኖሩላችሁ መለመን ነውር የለበትም። ወረፋ ስለሚኖር ከበዓልና ከቅዳሴ ውጭ ያለውን ቀን ምረጡ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ፦ መለያ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኬት በሴንቲሜትር (ቁመት × ወርድ × ውፍረት)፣ ጽሑፍና ምልክት፣ ልዩ መለያ፣ ያለበት ሁኔታ፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ቀን፣ የመዝጋቢው ስም። ቁጥሩን 2017.3.12 በሚመስል መልክ ስጡት፦ ዓመቱ፣ ሦስተኛው ዙር፣ አሥራ ሁለተኛው ዕቃ። ለብራና የቅጠሉን ብዛት፣ በገጽ ያለውን ዓምድና መስመር፣ ድጉሱን (ጌጥ የታተመበትን የቆዳ ሽፋን) እና ማኅደሩን (የመጽሐፉን መያዣ) ጨምሩ። ሁኔታውን «ተጎድቷል» ብሎ ማለፍ አይረዳም፤ «ከ14ኛው እስከ 17ኛው ቅጠል የላይኛው ጠርዝ 3 ሴ.ሜ. የውሃ ምልክት አለው» ማለት ይረዳል።

ፎቶው ፍላሽ ሳይበራ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን፤ ለመጽሐፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል ይጨመርበት። ብራና በንጹሕና ደረቅ እጅ ይገለጣል፤ የጨርቅ ጓንት የጣት ስሜት ስለሚያጠፋ ቅጠል ያስቀድዳል። ብረትና የድሮ ፎቶ ግን በናይትሪል ጓንት ይያዙ። ቁጥሩን ብራናው ላይ አትጻፉ፤ በጥጥ ክር የተንጠለጠለ ካርድ ላይ በእርሳስ ይበቃል። መስቀል በሎሚና አመድ ፈትጎ ማስዋብ የተለመደ ነው፤ ፍትጊያው ግን የተቀረጸውን ጽሑፍ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሲጠይቋችሁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን መጥረግ ይበቃል በሉ።

ግእዝ የሚያነብ ሰው እዚህ በጣም ይጠቅማል። የጎንደር ወንጌሎች ዳርና ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የመሬት ሽያጭ ስምምነቶች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ ወይም ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) በትክክል ካልተነበበ መዝገቡ ሁሉ ይዛባል። ለምሳሌ አንድ ማስታወሻ ዘመነ ማርቆስ ብሎ ዓመተ ዓለሙን ፸፪፻፵፯ ብላችሁ አነበባችሁ እንበል። 7247ን ለአራት ስታካፍሉ 3 ይተርፋል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የተረፈው 3 ከሆነ ሉቃስ እንጂ ማርቆስ አይደለም። ተመልሳችሁ ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር እዩት፦ ፯ ሳይሆን ፮ ሊሆን ይችላል። 7246 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 5500 ሲቀነስለት 1746 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለቱም ዓመት በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ስለሚወድቅ የንጉሡ ስም ብቻ ስህተቱን አያጋልጥም፤ ወንጌላዊው ያጋልጠዋል።

4. ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡ፤ ቅርስ ማለት ምን እንደሆነ፣ ስለ ምዝገባ፣ በድንገት የተገኘ ቅርስ ስለሚታወቅበት ሥርዓት የሚሉትን ክፍሎች። ቅርሶችን በሀገር አቀፍና በክልል ደረጃ የሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839/2006ም አይረሳ፤ ጠያቂዎች «ይህ ቅርስ የማን ኃላፊነት ነው?» ሲሉ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

የተግባር ጥያቄ ከመጣ ግንቦቹን ተመልክታችሁ ተዘጋጁ። ሥር የሰደደ ቁጥቋጦ የኖራ መገጣጠሚያውን እንዴት እንደሚከፍተው፣ ሲሚንቶ ለምን እንደማይስማማ መግለጽ መቻል አለባችሁ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራና ውኃ የማያሳልፍ ነው፤ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው በኩል መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ድንጋዩም ይላጣል። ለዕቃ ማሳያ ክፍል ደግሞ ብራናና ጨርቅ ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን፣ የአየር እርጥበቱም በአማካይ ከ45 እስከ 55 በመቶ ድረስ ቢሆን ይመከራል።

5. አስጎብኚነትን እንደ ሁለተኛ መንገድ

ፈቃድ የሚሰጠው በባህልና ቱሪዝም መዋቅሩ በኩል ነው፤ የውጭ ቋንቋ ግድ ይላል። የጥምቀት ሰሞን ሥራ ይበዛል፤ በተረፈው ጊዜ ግን ገቢው ይዋዥቃል፣ ሰላም ሲደፈርስም ጎብኚ ይጠፋል። ስለዚህ ብቻውን አትተማመኑበት። ለሙዚየም ሥራ የሚጠቅማችሁ ግን ሰው ምን እንደሚጠይቅ ስለምትማሩበት ነው፤ በየቀኑ የሚደጋገሙትን አምስት ጥያቄዎች ጻፏቸው፣ ወደ ማሳያ ጽሑፍ ሲቀየሩ ጥሩ ናሙና ይወጣቸዋል።

6. ስትቀጠሩ ርክክቡን አትፍጠኑበት

የዕቃ ክፍል ኃላፊነት ከተሰጣችሁ ተያዥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ተያዥ ከሚሆነው ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ርክክቡ ዕቃ በዕቃ፣ ከፎቶ ጋር እየተመሳከረ ይሁን። «በአጠቃላይ 312 ልዩ ልዩ ቅርሶች» የሚል አንድ መስመር ላይ ከፈረማችሁ የጎደለው ሁሉ በእናንተ ላይ ይቆጠራል። ቁጥር የሌለው ዕቃ ካገኛችሁ በተለየ ዝርዝር ጻፉት፣ አስረካቢውም ይፈርምበት፤ ከመዝገቡ ጋር የማይስማማ ልኬት ካለም የድሮውን ሳትሰርዙ አዲሱን ከጎኑ፣ ቀንና ፊርማ ጨምራችሁ ጻፉ።