ቤታችሁን ራሳችሁ ለገዢ የምታሳዩ ባሕር ዳሮች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት አሻሻጭ ነኝ፤ ደላላ በሉኝ፣ አልቀየምም። ባለቤቱ «አንተ ገዢ ብቻ አምጣ፣ እኔው አሳያለሁ» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ቤቱን ከኖረበት ሰው በላይ የሚያውቀው የለማ። ግን ስንቱ ጥሩ ቤት በባለቤቱ አፍና በባለቤቱ ብልጠት ሳይሸጥ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ ያንገሸገሸኝ እርጥብ ግድግዳን ቀብቶ ገዢ መጥራት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ለሽያጭ የሚወጣው ቤት ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ቤት ማሳመር ነውር የለውም፤ እንዲያውም አሳምሩት። ነገር ግን ወደ ሐይቁ ዝቅ ባሉት ሰፈሮች ውኃው ከመሬቱ ብዙም አይርቅም። መሠረቱ ላይ እርጥበት መከላከያ ካልተደረገ ብሎኬቱ ከታች ይስበዋል፤ ልስኑ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። በዚህ ላይ የተቀባ ቀለም ስንት ሳምንት ይቆያል? አንዴ ሽንብጥ አካባቢ ይዤው የገባሁት ገዢ ግንበኛ ኖሯል። ባለቤቲቱ ሶፋውን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ተቀምጠውበታል። ሰውየው ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብድግ ቢሉልኝ» አላቸው። ሶፋውን ሳብ አድርጎ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ልስኑ ከነቀለሙ ወለሉ ላይ ተፈረፈረ። እሱ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ግን ኮርኒሱን አንጋጦ አየ፣ ቆጣሪውን ፈተሸ፣ ካርታውን አገላብጦ ደጋግሞ አነበበ። አንዱን የደበቀ ሌላም ይደብቃል ብሎ ነዋ! ያ ግድግዳ ከዋጋው ላይ የሚያስቀንሰው ከባድ ገንዘብ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ገዢውን አጡት። «ይሄ በክረምት ይረጥባል፣ ዋጋው ላይ አስቤበታለሁ» ማለት ምን ይከብዳል?

ስንጥቅም እንደዚያው ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ተናገሩ እንጂ ጂፕሰም አትጠቅጥቁበት።

ሁለተኛው የወሬ ብዛት ነው። ገዢው መኝታ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከኋላው፣ ወጥ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከፊቱ። «ይሄ መኝታ ቤት ነው» ይላል፤ አልጋው ተዘርግቶ እየታየ! ባልና ሚስት ሆነው ከመጡ ደግሞ ጭራሽ ዞር በሉላቸው። እናንተ ፊት «የኛ ቁም ሣጥን እዚህ ይገባል?» ተባብለው አይመካከሩም። አባይ ማዶ ያላችሁ የአዲሱን ድልድይ ስብከት ቀንሱልኝ። በግንቦት 2016 መመረቁን፣ 380 ሜትር መርዘሙን ሰውየው ሰምቷል፤ እናንተ ጋ የመጣውም በሱ ላይ ተሻግሮ ነው። ማወቅ የሚፈልገው ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ያለችውን መንገድ ነው፤ ኮብል ናት ወይስ ክረምት ላይ ጫማ የምታስወልቅ ጭቃ? «ሊነጠፍ ነው» አትበሉ።

«ጣና ይታያል» የምትሉም አላችሁ። ከየት ሆኖ? አንዱ ሐይቁን ሊያሳየን ሮቶው የተቀመጠበት ማማ ላይ መሰላል አስደግፎ «ውጡ» ብሎናል። ከበረንዳ የሚታይ ከሆነ ገዢው ራሱ ያየዋል። ፊት ለፊታችሁ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ «እዚህ ማንም አይሠራም» ብላችሁ ለሰው ይዞታ ዋስ አትሁኑ። ቢንቢ አለ ወይ ሲባልም «የለም» ከማለት መስኮቱ ላይ ያለውን ወንፊት ማሳየት ይሻላል፤ ጣና ዳር ቢንቢ የለም ቢባል ማን ያምናል?

ሰዓት ምረጡ። ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር ሰው አታስገቡ፤ አመሻሽ ላይም ብርሃኑ የለም። ጠዋት 3 ሰዓት ግሩም ነው። ውሻውን እሰሩት።

ቡና! ይሄን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ። ገዢው ገና ከመግባቱ ረከቦት ፊት ማስቀመጥ ደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ቡናችሁን የጠጣ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው፣ መቼ ተመጠጠ ብሎ አይጠይቅም፤ ቧንቧ አይከፍትም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዋወላለን» ብሎ ይወጣል፣ አይደውልም። መጀመሪያ ቤቱን ይይ፤ ቡናው ለዋጋው ወሬ ይድረስ።

ተከራዮቻችሁንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ፔዳ አካባቢ አንድ ባለቤት «ውኃ እኛ ጋ ችግር የለም» ብሎ አፉን ሳይዘጋ፣ ሰርቪስ ቤት የምትኖር ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣችና «ጋሼ፣ ዛሬም አልመጣም?» አለችው። ልጅቷ ምን አጠፋች? ቤቱ ሊሸጥ እንደሆነ የነገራት የለም፤ ውኃው በፈረቃ እንደሆነም ለገዢው የነገረው የለም። ፈረቃውንና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ቢነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ልጄ ጉዞ ስላለው እስከ ጥር መጨረስ አለብኝ» የምትሏት ነገር ዋጋችሁን ትበላለች፤ ዋጥ አድርጓት። ለየደላላውም የተለያየ ዋጋ አትንገሩ፤ እኛ እንገናኛለን።

ካርታውን ኦሪጅናሉን አሳዩ፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለማንም መላክ ግን ይቅር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነ ስንት ክፍያ ይቀራል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 230 ካቀፈ ወሬውን እናንተው አንሡት፤ ሜትር ይዞ የሚመጣ አለ። ሮቶው፣ ፓምፑና የሳሎኑ መብራት አብረው ይሸጡ እንደሆነም ያኔውኑ ተናገሩ።

የውርስ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድማማቾች ገዢ ፊት በዋጋ ሲጨቃጨቁ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ የባሰው ግን ገዢው ቤቱን በወደደበት ቅጽበት አንዱ ልጅ በደስታ ቀብድ መቀበሉ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል፤ «እኅቴ እንቢ አለች» ቢል ገዢው አይሰማውም። የባልና ሚስት የጋራ ቤትም ያለሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። መጀመሪያ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ዋጋውን ይቁረጥ፣ ሌላ ከተማ ያለችው እኅት ውክልናዋን ትላክ፤ እኔን ከዚያ በኋላ ጥሩኝ።