የጋላክሲን የመሀል ጉብታ ከዲስኩ ለይቶ መለካት

የጠመዝማዛ ጋላክሲ ፎቶ ላይ የመሀሉ ጉብታና የዙሪያው ዲስክ ብርሃን ተደራርቦ ይታያል። ሁለቱን በስሌት ለመነጣጠል እንደ ጋልፊት ያለ ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል። ውጤቱ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሰማዩን ብርሃን ቀንሱ። ከጋላክሲው ራቅ ካለ፣ ኮከብ ከሌለበት ቦታ የፒክሰሎቹን ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን ዋጋ) ውሰዱ። ቦታው ከቀረበ የዲስኩ ጠርዝ እንደ ሰማይ ተቆጥሮ አብሮ ይቀነሳል። ጋላክሲው ላይ ያረፉ ኮከቦችንም ሸፍኑ።

ቀጥሎ ብዥታው። ኮከብ ነጥብ ብትሆንም አየሩ ያሰፋታል፤ ስለዚህ ከዚያው ምስል ላይ ለብቻቸው የቆሙ፣ ካሜራውን ያላጥለቀለቁ ኮከቦችን መርጣችሁ የብዥታውን ቅርጽ ለሶፍትዌሩ ስጡት። ስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ በተባለው የሰማይ ቅኝት ምስሎች አንድ ፒክሰል 0.396 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ይሸፍናል፤ ብዥታው ወደ 1.3 አርክሰከንድ፣ ማለትም ከ3 ፒክሰል በላይ ይሰፋል። ከዚህ ያነሰ ጉብታ የሚሰጠው ቁጥር አያስተማምንም።

አሁን ብርሃኑን ከመሀል ወደ ውጭ በማግኒቲዩድ (በሎጋሪዝም በሚቆጠረው የብሩህነት መለኪያ) ንደፉት። ዲስኩ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃኑ በ1.086 ማግኒቲዩድ የሚደበዝዝበት ርቀት የዲስኩ መለኪያ ርዝመት ነው። መሀል ላይ ከመስመሩ በላይ የተረፈው የጉብታው ነው። መጀመሪያ የዲስኩን ቁጥሮች ቆልፋችሁ የጉብታውን ሞዴል ብቻ ከምስሉ ጋር አስማሙ፣ ከዚያ ሁሉንም ልቀቁ። ሁሉንም በአንዴ መልቀቅ ጉብታው ዲስኩን እንዲውጠው ያደርጋል።

ለጉብታው የአርጀንቲናዊው ሆሴ ሉዊስ ሰርሲክ ቀመር ይሠራል። ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፦ ግማሹን ብርሃን የሚይዘው ሬዲየስ፣ እዚያ ላይ ያለው ብሩህነት፣ እና የኩርባውን ቅርጽ የሚወስነው ኤን። ኤን 1 ሲሆን የዲስክ ዓይነት ኩርባ ነው፤ 4 ሲሆን የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ደ ቮኩለር በ1948 ለኤሊፕቲካል (ሞላላ) ጋላክሲዎች ያወጣው፣ መሀሉ ሹል ጅራቱ ረጅም የሆነው ነው። በ2 ጀምሩ።

አስቸጋሪው ይሄው ኤን ነው። ረጅሙ ጅራት ደብዛዛ ስለሆነ ከሰማዩ ጋር ይምታታል፤ ጥቂት የሰማይ ብርሃን ሳይቀነስ ከቀረ ኤንም ሬዲየሱም አብረው ያብጣሉ። ኤን ከ6 ካለፈ ሰማዩን እንደገና ለኩ፤ መሀሉ ላይ ንቁ ጥቁር ጉድጓድ የሚያበራው ነጥብ ካለም እንደ ሦስተኛ ክፍል ጨምሩት።

በመጨረሻ ሞዴሉን ከፎቶው ቀንሳችሁ ቀሪውን ተመልከቱ። ከመሀሉ ግራና ቀኝ ሁለት ብሩህ ቦታዎች ከቀሩ ባር (መሀሉን አቋርጦ የሚያልፍ የኮከቦች ዘንግ) ረስታችኋል፤ ኤን 0.5 ገደማ ያለው ክፍል ጨምሩ፣ አለዚያ የባሩ ብርሃን ለጉብታው ይቆጠራል። ኤን ከ2 በታች የሆነ ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ ከዲስኩ ጋዝ ቀስ በቀስ የተሠራ ነው፤ ቀለሙንና አዟዟሩን ሳታዩ ግን በዚህ ቁጥር ብቻ አትፍረዱ።