የቬነስ ፍላይትራፕ ችግርና መፍትሄ፦ ሲጠቁር፣ አልዘጋ ሲል፣ ሲልፈሰፈስ

ቬነስ ፍላይትራፕ እንደ ወጥመድ በሚዘጋ ቅጠሉ ነፍሳት እያጠመደ የሚበላ ተክል ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው አሜሪካ ውስጥ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ረግረጋማ ሜዳ ብቻ ነው። እዚያ አፈሩ አሲዳማና ለም ያልሆነ፣ ውሃው ዝናብ፣ ፀሐዩም ያልተከለለ ነው። ነፍሳት የሚያጠምደውም አፈሩ የነፈገውን ናይትሮጅን ለማግኘት ነው። ቤት ውስጥ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሌላ አበባ ስለሚያዝ ነው።

ምንም ምልክት ቢያዩ መጀመሪያ የተክሉን መሃል ይመልከቱ። ከመሃል አረንጓዴ ቅጠል እየወጣ ከሆነ ዳር ዳር ያሉት ቢጠቁሩም አይጨነቁ፤ አርጅተው ነው። አዲሱ ቅጠል ራሱ ጠቁሮ ወይም ጫጭቶ ከወጣ ግን ወደሚከተለው ይሂዱ።

አዲስ ቅጠሎች ይጫጫሉ፣ ጫፋቸው ይጠቁራል

ውሃውን ይጠርጥሩ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት እንደ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ያሉ ጨዎች አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀሙ ሥሩን ይጎዳሉ። ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በአፈሩ ላይ ወይም በማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ጥርጣሬው ልክ ነው።

ውሃ ማፍላት አይጠቅምም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ አብዛኛው ጨው ይቀራል። የከሰል ማጣሪያም ክሎሪን እንጂ ጨው አይቀንስም። የሚያስፈልገው በቲዲኤስ መለኪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚለካ መሣሪያ) ከ50 ፒፒኤም፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ገደማ በታች የሆነ ውሃ ነው፦ የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ እንደገና ውሃ የሆነ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ጨው በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) የተጣራ። የታሸገ ውሃ ከመግዛትዎ በፊት መለያው ላይ ያለውን የቲዲኤስ ቁጥር ያንብቡ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ አሲድ ያልገባበት ንጹህ ዲስቲልድ መሆኑን ሳያረጋግጡ አያጠጡ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው የክረምቱ ዝናብ ትልቅ ጸጋ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ትተው በክፍት ቦታ ንጹህ ባልዲ ያስቀምጡ። ለአንድ ትንሽ ማሰሮ በሳምንት 1 ሊትር ገደማ ስለሚበቃ፣ ክረምቱ ሳያልፍ የተሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች በጋውን ያሻግራሉ። ክዳናቸውን ገጥመው ጥላ ውስጥ ያኑሯቸው።

ተክሉ አስቀድሞ ከተጎዳ፣ በማሰሮው ላይ ንጹህ ውሃ ደጋግመው እያፈሰሱ ጨዉን ከሥር ያስወጡ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ወይም የተተከለበት አፈር ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም ማዳበሪያ ካለው ግን ማጠብ አይበቃም፤ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ። እኩል መጠን ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ፣ ከበሰበሰ ተክል የተገኘ ለም ያልሆነ አፈር) እና ፐርላይት (ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) ይቀላቅሉ። ከረጢቱ ላይ ማዳበሪያ ተጨምሮበታል የሚል ካለ አይግዙት። ማሰሮው ፕላስቲክ፣ ጥልቀቱም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ጨው ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ወጥመዱ ከበላ በኋላ ጠቁሮ ይሸታል

የተሰጠው ነፍሳ ትልቅ ነበር። እግር ወይም ክንፍ ውጭ ከቀረ ወጥመዱ አጥብቆ ስለማይገጥም ባክቴሪያ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ከወጥመዱ አንድ ሦስተኛ የማይበልጥ ነፍሳ ይስጡ፤ ሥጋና አይብ ፈጽሞ አይስጡ። የበሰበሰውን ወጥመድ በመቀስ ቆርጠው ይጣሉ፤ ተክሉ አይጎዳም። ለአንድ ተክል በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ነፍሳ ይበቃል።

የሞተ ዝንብ ሰጥተውት ወጥመዱ ዝንቡን እንደያዘ በማግስቱ ከተከፈተ፣ ነፍሳው ስላልተንቀሳቀሰ መፍጨት አልጀመረም ማለት ነው። ወጥመዱ ከተዘጋ በኋላ ከውጭ በጣት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገው ይጫኑት።

ወጥመዱ አይዘጋም

የሚዘጋው በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲነኩ ነው። አንድ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ልጆች በጣት እየነካኩ እንዳይጫወቱበት ይንገሯቸው። አዳዲሶቹም ጭምር ካልዘጉ የብርሃን እጥረት ወይም ብርድ ነው።

ቅጠሉ ረዝሞ ይልፈሰፈሳል፣ የወጥመዱ ውስጥ ቀይ አይሆንም

ብርሃን አንሶታል። ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል (ቀይ ቀለም የሌላቸው ዝርያዎችም አሉ፤ ለእነሱ የሚያዩት ቅጠሉን ብቻ ነው)። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የደቡብ መስኮት ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለሆነች ያ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም፤ በረንዳ ወይም ግቢ ይሻላል። ከቤት ሲያወጡት በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ከማቆየት ጀምረው በሁለት ሳምንት ያለማምዱት፤ አለበለዚያ ይቃጠላል።

መሃሉ ለስልሶ ቡናማ ይሆናል

መበስበስ ነው፤ ፈጥነው ይንቀሉት። ቅጠሎቹ የሚነሡበትን ወፍራም አካል በንጹህ ምላጭ እየቆረጡ ነጩና ጠንካራው ጋ ሲደርሱ ያቁሙ፤ ከዚያ በአዲስ አፈር ይትከሉት። ለወደፊቱ ከማሰሮው ሥር ባለው ሳህን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ያኑሩ፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይዘፈቅ።

አዲስ ቅጠል ተጠማዞ ይወጣል

ክሽክሽ የተባለው ተባይ መሃሉ ላይ ተሸሽጎ ይሆናል። ማሰሮውን እንዳለ ንጹህ ውሃ ውስጥ ለአንድ ቀን ያጥልቁት፤ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። የዕቃ ሳሙና አይርጩ።

ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል

ዕረፍት አላገኘም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቦታ ሦስት ወር ያህል መተኛት አለበት። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላለ ሰው ማሞቂያ የሌለው ክፍል መስኮት ይበቃዋል። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነ ግን ፍሪጅ ነው መፍትሄው፦ ተክሉን ነቅለው ሥሩን ያጥቡ፣ የጠቆረ ቅጠሉን ይቁረጡ፣ ሥሩን በእርጥብ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ የረግረግ ተክል) ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪዘር ባልሆነው ክፍል ያስቀምጡ። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ እንዳልያዘው ይመልከቱ።

ከእንቅልፉ ሲነሣ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ተክሉ ደካማ ከሆነ ዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይቁረጡት፤ ዘር ማፍራት ጉልበቱን ይጨርሰዋል።