ፒክአፕ ከፍ ካለ በኋላ፦ መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ አላይመንት

ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሞላና ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ቀይሮ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ አብዛኛው ሰው በማግስቱ አላይመንት (የጎማዎችን ዘንበልና አቅጣጫ ማስተካከያ) ማሽን ላይ ያወጣዋል። ማሽኑ ግን የሚለካው መኪናው በዚያች ሰዓት የቆመበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ወይም ጎሚኒው (በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ተጠማዝዞ የታሰረ መኪና ላይ የተሠራ አላይመንት ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል፤ የከፈሉትም ገንዘብ ጎማውም አብሮ ያልቃል። ቅደም ተከተሉ ቁመት፣ ካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ) እና ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ)፣ በመጨረሻም ቶ (የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ነው። ይህ ሲገለበጥ ሥራው በሙሉ እንደገና ይጀመራል።

መለኪያው ቦታ ሜዳ መሆን አለበት። የደብረ ማርቆስም ሆነ የእንጅባራ ግቢ ክረምቱ ከባድ ስለሆነ ውሃ እንዲወርድለት ተዳፋት ተደርጎ ይሠራል፤ በዓይን ሜዳ የሚመስለው ሲለካ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያዘነብላል። ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ይዋሱና አራቱን የጎማ ቦታዎች ያስተያዩ። ዝቅ ባለው ስር ጣውላ ወይም ሴራሚክ እየደረቡ ልዩነቱን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ያድርሱት። የአራቱም ጎማ ነፋስ በሚነዱበት ልክ ይሁን፤ ጎማዎቹም መጠናቸውና አበላላቸው አንድ ይሁን።

ሲለኩ ከመሬት አይነሡ። ከቸርኬው መሀል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፤ እንዲህ ሲሆን የጎማ ማለቅና ነፋስ ልኬቱን አያዛቡትም። ሞላው ከመቀየሩ በፊት ያለውንም ልክ ይጻፉ፤ ከሌለዎት ምን ያህል ከፍ እንዳለ በግምት ነው የሚያወሩት። መኪናው ከክሪክ እንደወረደ የተለካ ቁመት ግን ውሸት ነው። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው መሬቱን ስለሚይዙ መኪናው ከእውነተኛው በላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፣ ፊቱንና ኋላውን ተጭነው ያወዛውዙት፣ ከዚያ ይለኩ።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ጎሚኒው ላይ ነው። የብራቾ (ጎማውን ከሻሲው የሚያገናኘው ክንድ) እና የባሌስትራ ጎሚኒ ውስጡ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንሸራተትም፤ ይጠማዘዛል እንጂ። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቡሎኑ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኖቹን ላላ አድርገው ያስገቡ፣ መኪናውን በጎማው ያቁሙ፣ ያወዛውዙ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ቀድሞ የተጠበቀ ከሆነ ፈትቶ እንደገና ማሰር ብቻውን የአንድ ሳንቲሜትርን ማዘንበል ሊያጠፋ ይችላል።

ማዘንበል ከቀረ

በግራና በቀኝ መካከል እስከ 1 ሳንቲሜትር ልዩነት ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚለውን መጀመሪያ ይለዩ። የፊት ጎማዎችን በሽብልቅ ይዝጉ፣ ከኋላ በሻሲው ተሻጋሪ ብረት ልክ መሀል ላይ ክሪክ አስገብተው ክብደቱን ያንሡ። ፊቱ ቀጥ ካለ ጥፋቱ የኋላ ባሌስትራ ነው፤ እንደዘነበለ ከቀረ የፊት ሞላ ነው። በዚህ ሰዓት ከመኪናው ስር ማንም አይግባ።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ የመኪና ማንሻ ኪቶች ግራና ቀኝ የተለያየ ሞላ አላቸው፤ ከፍ ያለው ለሾፌሩ ወገን ነው። መሪያቸው በቀኝ ለሆነ አገሮች የተሠራ ኪት ከሆነ ምልክቱ የሾፌርን ወገን በቀኝ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ የኛ መሪ ግራ ስለሆነ እንዳለ ቢገጠም መኪናው ወደ ሾፌሩ ይወድቃል። ሰልቫታዮውንም (የነዳጅ ታንኩን) ያስቡ፦ 80 ሊትር ናፍጣ 67 ኪሎ ገደማ ነው፤ በግማሽ ሞልተው ይለኩ።

እንደ ሃይሉክስ ቪጎ ባለ ሞላና አሞርዛተር (የንዝረት ማብረጃ) አብሮ የሚገጠምበት ፊት ላይ፣ ከአሞርዛተሩ አናት የሚደረብ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ላይ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሣል፤ ብራቾው እንደ ማንሻ ስለሚሠራ ነው። የድሮ ሃይሉክስና የመጀመሪያው ኢሱዙ ዲማክስ በቶርሽን ባር (በሞላ ፈንታ በሚጠማዘዝ ዘንግ) ስለሚሠሩ ቡሎን በማዞር ይስተካከላሉ፤ ጎማውን አንሥተው ያዙሩ፣ ስንት ዙር እንደሆነ ይጻፉ። ቶርሽኑን አብዝቶ ማዞር ሞላውን አያጠነክረውም፤ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ብቻ ይበላዋል፣ ጉድጓድ ላይ ሲደርስም ይመታል።

ኋላውን ባዶ ሳለ በሚያምረው ቁመት አይምረጡ። ከቢቸና ጤፍ የሚጭን መኪና በየሳምንቱ 5 ኩንታል ካለበት 500 ኪሎ ነው። ያንኑ ጭነት ጭነው ይለኩ፤ ተጭኖ ከፊቱ ጋር እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ባዶውን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ኋላው ከፍ ማለቱ ጤነኛ ነው። የባሌስትራው መሀል ቡሎን ራስ በአክሰሉ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን ሳያዩ ዩ ቦልቱን (ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስረውን) አያጥብቁ። ካልገባ አክሰሉ ይጣመማል፣ መኪናውም እንደ ውሻ በጎን ይሄዳል። ከፊት ቸርኬ መሀል እስከ ኋላ ቸርኬ መሀል በግራም በቀኝም ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ፈትተው ያስተካክሉ።

ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፊቱ ሙሉ አክሰል ነው። ሲነሣ አክሰሉን በጎን የያዘው ዘንግ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፤ የሚስተካከል ዘንግ ካልተገጠመ ወደ መሀል አይመለስም። 5 ሳንቲሜትር ሲነሣ ካስተር በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ መሪውም ይንሳፈፋል፣ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ ራሱን አይመልስም። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ የማካካሻ ጎሚኒ ነው።

ካስተር፣ ካምበር፣ ቶ

ሃይሉክስ ቪጎ የታችኛው ብራቾ ላይ ሲዞሩ ብራቾውን የሚገፉ ባለ ምልክት ሁለት ቡሎኖች አሉት። ጭቃና ዝገት ስለሚይዛቸው ከአንድ ቀን በፊት በዘይት ይንከሯቸው። ሁለቱም ወደ ውጭ ሲወጡ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይገባል። የፊቱ ወደ ውስጥ የኋላው ወደ ውጭ ሲሄድ ካስተር ይጨምራል፤ ከፍ ያለ መኪና የሚፈልገውም ይህንን ነው። ካስተር ከ2.5 ዲግሪ ካላለፈ ሌላ የላይኛው ብራቾ ያስፈልጋል።

ካምበርን በቱንቢ ማየት ይቻላል። ቱንቢውን ከፓራፋንጎው ያንጠልጥሉ፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይና የታች ጠርዝ ይለኩ። በጠርዞቹ መካከል 43 ሳንቲሜትር ካለ 7.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ነው። ዜሮ አካባቢ፣ ግራና ቀኝም ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሳይበላለጡ ይቁሙ። መኪና ካስተሩ ወዳነሰበትና አናቱ ወደ ውጭ ወዳዘነበለበት ወገን ይጎትታል።

ለቶ እያንዳንዱን የፊት ጎማ አንሥተው እያሽከረከሩ በሚስማር መሀሉ ላይ መስመር ያስምሩ። አውርደው፣ ገፍተው፣ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ በቸርኬው መሀል ቁመት ከመስመሩ የፊትና የኋላ ነጥብ ቱንቢ ወደ ሲሚንቶው ይጣሉና ምልክቶቹን ይለኩ። የፊቱ ርቀት ከኋላው ከ0 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እርሱ ይቀድማል። የመሪ ቴስቲኒውን (የመሪ ዘንጉን ጫፍ መገጣጠሚያ) ዳዶ ላላ አድርገው ግራና ቀኙን በእኩል ዙር ያዙሩ፤ አለበለዚያ መሪው ጠማማ ይቀመጣል። በጎማዎቹ ስር በግሪስ የተቀባ ሁለት ድርብ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ካነጠፉ ጎማው ሳይያዝ ይዞራል።

ወደ ዓባይ ከመውረድዎ በፊት

ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ በጭነቱ ልክ የኋላ ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ ያላቸው ብዙ ፒክአፖች አሉ። ኋላው ሲነሣ ዘንጉ ወደ ታች ይሳባል፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ ይመስለዋል፣ የኋላ ፍሬኑንም ይቀንሳል። ተጭኖ ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ ሸክሙ ሁሉ ፊት ፍሬን ላይ ያርፋል፣ ይግላል፣ ይሟሽሻል። በአክሰሉ በኩል ያለውን የዘንጉን ማሰሪያ መኪናው በተነሣበት ልክ ወደ ላይ ያንሡ። የፍሬን ላስቲክ ቱቦዎችንም ጎማው ሙሉ ለሙሉ ተንጠልጥሎ መሪው ዳር እስከ ዳር ሲዞር ይዩ፤ የተወጠረ ካለ በረጅም ይቀይሩ። የፊት መብራቱንም ዝቅ ያድርጉ።

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ባለው ሜዳማ መንገድ ይሞክሩት። መንገዱ ወደ ቀኝ ስለሚዘነብል በትንሹ ወደ ቀኝ መሳብ ጥፋት አይደለም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቦልቶቹን እንደገና ያጥብቁ፣ ቁመቱን ይለኩ፤ አዲስ ሞላ በዚህ ጊዜ ይቀመጣል። ቁመቱ ከቀነሰ ቶውን ዳግም ያስተካክሉ።