ለቤት የሚሆን የክብደት ማንሻ ቤንች እንዴት ይመረጣል?

ቤንች ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያሞግሰው ተቀጥላውን ነው፤ የእግር መግፊያውን፣ የክንድ መደገፊያውን፣ የላስቲክ ገመዱን። ዋናው ጉዳይ ግን ከባድ ብረት ይዘው ሲተኙበት ንቅንቅ ማለት አለማለቱ ነው። ወደ ገበያ ሲወጡ ሜትር ይያዙ፤ ስፖርት የሚሠሩበትን ጫማ ያድርጉ።

1. ምን እንደሚሠሩበት ይወስኑ። ዳምቤል ብቻ ካለዎት የባር ማስቀመጫ ቋሚ የሌለው ቤንች ይበቃል። ደረትና ጀርባ ብቻ ለሚሠራ ሰው ዝርጉ ይሻላል፤ የሚላላ መጋጠሚያ ስለሌለው በዋጋም በጥንካሬም ያዋጣል። የላይኛውን ደረትና ትከሻ ለመሥራት ከፍ ዝቅ የሚለው ያስፈልጋል።

2. ከፍታውን ይለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ለውድድር የሚፈቅደው ከወለል እስከ ስፖንጁ አናት ከ42 እስከ 45 ሳ.ሜ. ሲሆን፣ ይህ ልክ ለቤትም ይሠራል። ተኝተው ሁለቱም ተረከዞችዎ መሬት ካልረገጡ ቤንቹ ረዝሞብዎታል። እግር ካልተደገፈ ወገብ ከሚገባው በላይ ይቀለበሳል፤ ብረቱም ወደ ጎን ያዘነብላል። ቁመትዎ አጠር ያለ ከሆነ ከእግርዎ ስር ጠፍጣፋ የክብደት ዲስክ ማስቀመጥ ይቻላል።

ብየዳ ቤት የሚያሠሩ ከሆነ ለባለሙያው «45 ይሁን» ብቻ ብለው አይሂዱ። እሱ ብረቱን 45 አድርጎ ይሰጥዎታል፤ ከዚያ 2 ሳ.ሜ. ገደማ ኮምፔንሳቶና 5 ሳ.ሜ. ስፖንጅ ሲጨመርበት 52 ይሆናል። የብረቱን ከፍታ 37 ይንገሩት።

3. ስፋቱን ይዩ። ከ29 እስከ 32 ሳ.ሜ. መልካም ነው። ከዚያ በጣም ከጠበበ የትከሻ አጥንት ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ክንድ ሲወርድ ይጋጨዋል።

4. አቅሙን ያስሉ። የተጻፈው ኪሎ ብዙ ጊዜ የራስዎን ክብደትም ይጨምራል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 60 ኪሎ ቢያነሳ 135 ነው፤ ብረት ሲወርድና ሲቆም ጫናው ስለሚጨምር 200 ኪሎ ገደማ የሚችል ይፈልጉ። ለሚያሠራ ሰው 50 በ50 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ.፣ በባር ከባድ ለሚገፋ 3 ሚ.ሜ. ይሁን። ስስ ቱቦላሬ መጀመሪያ የሚበላሸው ብሎኑ ጋ ነው፤ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

5. ይፈትኑት። የጀርባውን ጫፍ ይዘው ግራና ቀኝ ይወዝውዙት። ከዚያ ጭንቅላት የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ውስጥ የገቡ ቤንች በሌላው ጫፉ ብድግ ይላል። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን ያድርጉ፤ ጣትዎ እንጨቱን ከነካ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ ይተዉት።

ከፍ ዝቅ በሚለው ላይ የመቀመጫውና የጀርባው ክፍተት ጠባብ ይሁን፤ ዝርግ ሲሆን ከ5 ሳ.ሜ. ከበለጠ ወገብ ይሰምጥበታል። መወጣጫው 30 እና 45 ዲግሪ ይኑረው። ከ60 በላይ ሲሆን ሥራው ከደረት ወደ ትከሻ ያልፋል። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፦ የጀርባው ሰሌዳ 80 ሳ.ሜ. ከሆነ ጫፉ ከመጋጠሚያው 40 ሳ.ሜ. ከፍ ሲል 30 ዲግሪ፣ 57 ከፍ ሲል 45 ነው።

ቋሚ ያለውን ለሚመርጡ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ፣ ባሩ ቢያቅትዎ ከደረትዎ በላይ የሚቀበለው የጎን ብረት የሌለውን አይግዙ። ቋሚዎቹ የተቀራረቡ ከሆኑ ደግሞ ዲስኮቹን ከአንድ ወገን ብቻ ጨርሰው አያውርዱ፤ ባሩ ይገለበጣል። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያሉ ያውርዱ።

ከገዙ ሁለት ሳምንት በኋላ ብሎኖቹን በሙሉ ደግመው ያጥብቁ። ሲጢጥ የሚል አዲስ ቤንች አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የላላ ዳዶ ነው።