የትዳር ጓደኛ በጠና ሲታመም የቤተሰብ ሐኪምን እንዴት እናመስግን?

ባለቤቴ በኩላሊት ሕመም ከተያዘ ወዲህ ሊጠይቀው የሚመጣው ዘመድና ጎረቤት ሁሉ «ለሐኪማችሁ ምን አደረጋችሁላቸው?» ይለኛል። በጅማ ባዶ እጅን ወደ ሰው ቤት መሄድ ስለሚያሳፍር ጥያቄው አይገርመኝም። ለሐኪም የሚቀርብ ምስጋና ግን ለጎረቤት ውለታ ከመመለስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምስጋናውን የሚቀበሉት ሰው ነገም ስለ ታማሚው መወሰን አለባቸውና።

አስቀድሞ የሚያስፈልገው የምናመሰግንበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ሐኪማችን ለደም ግፊት ክትትል የሄደውን ባለቤቴን ሊሸኙት ሲሉ ካልሲው እግሩ ላይ የተወውን ምልክት አዩ፤ ወዲያው ሱሪውን ሰብስበው ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸውን ካነሡ በኋላም ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። በዚያው ቀን ደምና ሽንት አስመርምረው፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ክሬቲኒን የተባለው ቆሻሻ ከፍ ብሎ በማግኘታቸው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ጻፉልን። «ደግ ሐኪም ነዎት» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው ሰምተውታል፤ «የዚያን ቀን እግሩን ዳስሰው ባያዩልን ኖሮ» የሚለውን ግን ከእኔ በቀር የሚነግራቸው የለም። በአስታማሚነት ድካም ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በፍጥነት ስለሚረሳ፣ በተፈጸመበት ዕለት ማታ በደብተር ላይ ከነቀኑ ማስፈር ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ሲሆን፣ እኔም የተሳሳትሁት በዚህ ነው። አንድ ቀን የባለቤቴን የሕመም ፈቃድ ለማራዘም ወረቀት ላስጽፍ ስሄድ 2 ኪሎ የሊሙ ቡና ይዤ ገባሁ። በልቤ ምስጋና ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ግን እጅ መንሻ መሰለ። ዶክተሩ ፌስታሉን ሳይነኩ ወረቀቱን ጽፈው ሰጡኝና «ቡናውን ወደ ቤት ይመልሱት፤ ባለቤትዎን የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሪፈር፣ የምስክር ወረቀት ወይም ልዩ ቀጠሮ በምንጠይቅበት ቀን ስጦታ ይዤ አልሄድም፤ ሌላውም ሰው እንዳያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ።

ገንዘብ፣ በፖስታ ታሽጎም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይሰጥም። እንደ ጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ዋጋው ከበድ ያለ ዕቃም ተቀባዩን ያስጨንቃል። ተቆልቶ የተፈጨ ጥቂት ቡና ወይም አንድ ብልቃጥ ማር፣ ምንም ጉዳይ በሌለበት ቀን፣ «ለሁላችሁም ነው» ተብሎ ቢሰጥ ግን ተረኛ ነርሶቹም፣ የላቦራቶሪና የካርድ ክፍል ሠራተኞቹም ይካፈሉታል። የተቋሙ ደንብ ይህንንም የሚከለክል ከሆነ ማክበር እንጂ በጓሮ በር ማስገባት አይገባም።

ከሁሉ የምመርጠው ደብዳቤ ነው። ሐኪም በሚሠራበት ተቋም ቅሬታ በጽሑፍ ሲቀርብ ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ በቃል ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ ለሐኪሙ፣ ሌላው ለተቋሙ ኃላፊ ቢደርስ መልካም ነው። ከመጻፍ በፊት የታማሚውን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሕመሙ የእርሱ ነው፣ ምን ያህሉ ይነገር የሚለውንም የሚወስነው እርሱ ነው። ባለቤቴ ስለ ኩላሊቱ እንድጽፍ ፈቅዶ፣ ስለ ሥራው መስተጓጎል ግን እንዳላነሣ ነገረኝ። እኛ የጻፍነው ይህን ያህል ነበር፦

«የተከበሩ ዶክተር፣ ባለቤቴ ለግፊት ክትትል በመጣበት ቀን የእግሩን እብጠት አስተውለው በዚያው ዕለት እንዲመረመር ስላደረጉ፣ ውጤቱንም እኔና እርሱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ሳለ በሚገባን ቋንቋ ስላስረዱን ከልብ እናመሰግናለን። የኩላሊት እጥበት እንደሚያስፈልገው በሰማን ጊዜ ጥያቄያችንን ሳይቸኩሉ አዳምጠውናል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።»

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ ሌላ ሐኪም ባይወቀስበት፣ መጨረሻው ላይም ልመና ባይታከልበት ይመረጣል።

የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጣራት፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ታማሚውም አስታማሚውም ይዝላሉ፤ በየምሽቱ ወደ ሐኪሙ ስልክ መደወልም ያሰኛል። በዚህ ጊዜ ምስጋናችን በአሠራራችን ይታያል። ጠዋትና ማታ የሚለካውን ግፊት በደብተር መመዝገብ፣ መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዞ መቅረብ፣ አስቸኳይ ያልሆኑ ጥያቄዎችን በአንድ ወረቀት አጠራቅሞ ለቀጠሮ ቀን ማቆየት የሐኪሙን ጊዜና እንቅልፍ ይቆጥባል። የደም ሥሩ ለእጥበት የተዘጋጀው ክንድ ላይ ግፊት እንዳይለካ፣ ደምም እንዳይቀዳበት ለአዲስ ተረኛ ማስታወስም የአስታማሚ ድርሻ ነው።

በቃል ሲመሰገን ማሳጠር ይገባል፤ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ታማሚ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካዎ» ማለት ይበቃል፤ አፋቸውን በኦሮምኛ ለፈቱ ሐኪም «ገለቶማ» ማለት ደግሞ ይበልጥ ልብ ይነካል። የሐኪሙን ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መለጠፍ ግን፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ አይገባም።

አንዳንዱ ሰው ምስጋናውን ታማሚው እስኪድን ያቆየዋል። ይህ የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው፤ የባለቤቴ ሕመም ድኖ የሚያበቃ ሳይሆን አብረነው የምንኖረው እንደሆነ ሐኪማችን ራሳቸው ነግረውናል። ታማሚው ቢያርፍ እንኳ፣ የሐዘኑ ወራት ካለፈ በኋላ የሚጻፍ አጭር ደብዳቤ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪምም ያልዳነለትን ሰው ያስባልና። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በሥራ መካከል በእጅ ከመስጠት ይልቅ በፖስታ አሽጎ፣ ስማቸውን ጽፎ፣ በካርድ ክፍል በኩል መላክ ይሻላል፤ ብቻቸውን ሆነው ያነቡታል።